ሾፌር አልተገኘም

ለቻናሉ ቤተሰቦች፣ ለከባድ መኪና ወዳጆች፣ እንዲሁም ጉዳዩ ይመለከተናል ለምትሉ ሁሉ፦ የጋራዣችን ብቸኛ የመጥረጊያ ጨርቅ ሰኞ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ከተንጠለጠለበት ምስማር ላይ መሰወሩን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ሰኞ ዕለት ስቄ ነበር።

ዓርብ ግን አልሳቅሁም...

ይሄ ሰው የነገረኝ ታሪክ አይደለም። በእኔው ላይ የደረሰ ነው። አስፈሪ ነገር ጨለማና ዝናብ ይፈልጋል የምትሉ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሁሉም ነገር የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። ዋናው የሆነው ደግሞ ዓርብ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ።

ሰዓቱን እንዴት አወቅህ አትሉኝም?

ቀድሜ ጽፌው ስለነበረ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ሞተር ተምሬአለሁ። ሙቀት እንዴት ጉልበት እንደሚሆን በሦስት ገጽ ስሌት ላሳያችሁ እችላለሁ። የተቀጠርኩበት ሥራ ግን ይሄ ነው፦ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ ከሞተሩ መምዘዝ፣ በጨርቅ መጥረግ፣ መልሶ መክተት፣ እንደገና መምዘዝ፣ ዘይቱ የት ድረስ እንደነካት አይቶ መጻፍ። ዘጠኝ ከባድ መኪና። በየቀኑ። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ለጉዞ ሳይወጡ።

ለእያንዳንዱ መኪና በሳምንት አንድ ቅጽ አለ። ቀን፣ ሰዓት፣ መጠን፣ አስተያየት። ከታች ደግሞ "የጎደለ" የምትል አንዲት መስመር።

አስራ አራት ቁጥር የሚባለውን መኪና የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጋሼ ነው የምለው። ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ላይ ተቀምጧል። ከመንገድ ሲመለስ ወንበር ላይ አይቀመጥም፣ ወንበሩ ውስጥ ይሰምጣል። "ደከመኝ" አይልም። ሌላ የሚለው ነገር ስለሌለ ሁላችንም አውቀንለታል።

ጨርቁም የእሱ ነበር። ቢጫ ሸሚዝ ነበረው። ሆዱ ላይ አልዘጋ ሲለው "ውሰደው፣ ለሥራህ ይሁንህ" ብሎ ሰጠኝ። በገዛ እጄ በመቀስ ቆራርጬ ስድስት መጥረጊያ አወጣሁ። አምስቱ ዘይት ጠጥተው ጠጥተው በርሜል ውስጥ ተቃጠሉ። ስድስተኛው የግራ እጅጌው ነበር።

ሰኞ የጠፋው እሱ ነው።

አዲስ ጨርቅ ይፈቀድልኝ ብዬ ጻፍኩ። ለአንድ ክንድ ጨርቅ ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል። የጋራዡ ኃላፊ ወረቀቱን አየና፣

"በሂደት ላይ ነው" አለኝ።

"እስከዚያስ በምን ልጥረግ?"

"እስከዚያ ሥራው እንዳይቆም።"

ሥራው አልቆመም። ያለፈውን ሳምንት በሁለት ፈረቃ ነበር የሠራሁት፤ ዓይኔን ከፍቼ ነበር የምተኛው። ሰኞ ጠዋት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና የሳምንቱን ቅጽ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሞላሁት። ከሰኞ እስከ ዓርብ። የዘጠኙንም መኪና።

አትፍረዱብኝ። እዚያ ቤት ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው።

ስምንቱ ላይ "ልክ ነው፣ ልክ ነው" ብዬ አወረድኩት። ዘጠኙም አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ያስጠረጥራል። ስለዚህ አስራ አራት ቁጥርን ትንሽ ሕይወት ልዝራበት አልኩ። ዘይቱ ቀነሰ ብል ጨምር ይሉኛል፤ ለዘይት ደግሞ አምስት ፊርማ ነው። እንግዲያው ጨመረ ልበል። ከላይኛው ምልክት በላይ፣ ሰኞ ሦስት ሚሊ ሜትር። ማክሰኞ ስድስት። ረቡዕ አስራ አንድ።

ሐሙስ ላይ ስደርስ ቁጥር መፍጠርም ደከመኝ።

ለእንዲህ ያለ ቀን ሁለት የተባረኩ ዐረፍተ ነገሮች አሉን። የማይደፍኑት ቀዳዳ የለም፤ ፈልጌ እንዳጣሁ እንዲመስል ሰዓቱን ብቻ ገፋ አደርጋለሁ። ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ከአስር፦ "ቁልፍ አልተገኘም።" ዓርብ፣ አራት ሰዓት ከሃያ፦ "ሾፌር አልተገኘም።"

"የጎደለ" የምትለው መስመር ላይ ብቻ እውነት ጻፍኩ፦ "የመጥረጊያ ጨርቅ፣ ቢጫ።"

ኃላፊው የዓርቡንም ሰኞ ፈረመው። እሱም ደክሞታል። ማኅተም መታበትና ብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት።

* * *

ማክሰኞ ጠዋት መካኒካችን ጠሩኝ። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ዶክተር ነው የምንላቸው። የእንጨት ዱላ አላቸው። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የቱ ጋ እንደታመመ ያዳምጣሉ። ሲያወሩ ከጋራዡ አጥር ውጭ ይሰማሉ።

ያን ቀን ግን ሹክ አሉኝ።

"ኢንጂነር... ና እስቲ።"

"ምነው?"

"የአስራ አራት ዘይት ጨምሯል።"

"ቀንሷል ለማለት ነው?"

"መቀነሱን ከመጨመሩ የማልለይ መሰለህ? ጨምሯል። ወንድምህ ድምፁ ተለወጠብኝ ብሎኝ ነው ያየሁት።"

ዘንጓን በቱታቸው ጠረጓት። ከተቱ። መዘዙ። በማስመሪያ ለካኋት።

ስድስት።

አጋጣሚ ነው ብዬ አለፍኩት። እናንተም ብትሆኑ ታልፉታላችሁ።

ዶክተር ከኪሳቸው ነጭ ወረቀት አወጡና ከዘንጓ ጫፍ አንድ ጠብታ ጣሉበት። ቆመን ጠበቅን። ጠብታዋ ተስፋፋች። መሐሉ ጥቁር ሆነ። ዙሪያውን ደግሞ የገረጣ ቀለበት ወጣ።

"ጥቁሩ ዘይት ነው" አሉ። "ቀለበቱ ናፍጣ። ዘይቱ ውስጥ ናፍጣ እየገባ ነው።"

"ቢነዳውስ?"

"ዘይቱ ይቀጥንና ብረት ብረትን ይበላል። ከባሰም ሞተሩ የገዛ ዘይቱን ማቃጠል ይጀምራል። ያን ጊዜ ቁልፉን ብታጠፋም አይሰማህም። ቁልቁለት ላይ ከሆንክ ደግሞ..."

አልጨረሱትም። ወንድሜ አጠገባችን ቆሞ ነበር።

"ይጨርሱት እንጂ ዶክተር" አለ። "እኔ እኮ ነኝ የምወርደው።"

ቀኑን ሙሉ ሠራን። አሮጌውን ዘይት አፈሰስን። ፊልትሮ ተቀየረ። የናፍጣው ፖምፓ ወርዶ ማሸጊያ ጎማው ታደሰ፣ ኢንጀክተሮቹ አንድ በአንድ ተፈተሹ። ዶክተር ለክፉ ቀን ካስቀመጡት አዲስ ዘይት ሞላን፣ እስከ ምልክቱ፣ ፀጉር ታህል እንኳ ሳያልፍ።

"አሁን ንጹሕ ነው" አሉ ዶክተር፣ ወገባቸውን ይዘው።

ሞተሩን ማንም አላስነሳውም።

ረቡዕ ጠዋት ዘንጓን ስመዝ...

አስራ አንድ።

ማስመሪያዋ ከእጄ ወደቀች።

"አዲስ ዘይት ነው" አልኩ።

"አውቃለሁ።"

"መኪናው አልተነሳም።"

"አውቃለሁ አልኩህ።" ወረቀት አወጡ፣ ጠብታ ጣሉ። ጥቁር መሐል፣ የገረጣ ቀለበት። ወረቀቷን እንደ ራጅ ፊልም ወደ ፀሐይ አነሷት። "እሺ። ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። መምጫ እናሳጣዋለን።"

የነዳጁን ታንክ አወረዱት። ቱቦዎቹን ፈትተው አጠቡ። የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን አወለቁና ሞተሩን ባዶ አደረጉት። አስራ አራት ቁጥር ያለ ዘይት፣ ያለ ናፍጣ፣ በግራ ጎኑ ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ። በዚያ በኩል እንኳን ሰው ድመት አያልፍም።

ወንድሜ ቁልፉን ኪሱ ከተተና፣ "አንድ ቀን ልተኛ እንግዲህ" አለ።

ከዶክተር በቀር ስለ ቅጹ ለማንም አልተናገርኩም። ለእሳቸውም የነገርኳቸው እየሳቅሁ ነበር። እሳቸው አልሳቁም።

"ለሐሙስ ምን ብለህ ጻፍክ?"

"ቁልፍ አልተገኘም።"

ወደ ግድግዳው አዩ። ጨርቁ ይሰቀልባት ከነበረችው ምስማር ዘይት ይንጠባጠብ ነበር። ጠብ... ጠብ... ከታች ኩሬ ሠርቷል።

"ማነው እዚህ የጠረገው?" አሉ።

ማንም።

* * *

ሐሙስ። ሦስት ሰዓት ከአስር።

የአስራ አራት ቁጥር ሞተር ተነሳ።

ሻይ እየጠጣን ነበር። ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጡ። ጋቢናው ውስጥ ሰው የለም። ድምፁ ይወጣል... ይወጣል... ግቢው በነጭ ጭስ ተሞላ።

"ቁልፉን አጥፋ!" አለኝ ኃላፊው ከበሩ ላይ ሆኖ።

"ቁልፍ የለበትም።"

ወንድሜ ኪሱን ዳበሰ። ሌላውን ኪሱን ዳበሰ። አየኝ።

"እዚህ ነበር" አለ።

ዶክተር ሮጠው ኮፈኑን ከፈቱ፤ ቱታቸውን አውልቀው የአየር መሳቢያው ቱቦ ውስጥ ጠቀጠቁት። አየር ሲያጣ ሞተሩ አቃሰተ። ሁለቴ። ሦስቴ። ከዚያ ዝም አለ።

ከስር የነበረው የዘይት መቀበያ ሳህን ደረቅ ነበር። የማፍሰሻው ቀዳዳ እንደተከፈተ ነው።

ቁልፉን ግቢውን ሙሉ ፈለግነው። የለም። ኃላፊው ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ቅጹን አወጣ፣ አነበበ፣ ፊቱ ፈካ።

"'ቁልፍ አልተገኘም።' ተመዝግቧል እኮ። ታዲያ ምን ያስጮሃችኋል?"

እኔ የማየው ከሥሩ ያለውን መስመር ነው።

"ይህችን ዓርብ ላስተካክላት" አልኩ።

"የተፈረመ ቅጽ አይነካም።"

"ስህተት ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ውሸት ነው።"

"ማመልከቻ ጻፍ። ሰኞ እናየዋለን።"

ቆለፈው።

ወንድሜን አጥሩ ጥግ ይዤው ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት። ራሱን እያከከ ሰማኝ። ሲሰማኝ ዓይኑ ሁለቴ ተከደነ።

"ጋሼ፣ ነገ ቤትህ ተኛ። አትምጣ።"

"ካልመጣሁ 'አልተገኘም' ማለት አይደል? ራስህ የጻፍከውን እኔ ልፈጽምልህ?"

ይህን አስቤው አላውቅም።

"እመጣለሁ" አለ። "አጠገቤ ትቀመጣለህ። አራት ሰዓት ከሃያ ሲሆን 'ተገኝቷል' ትላለህ። ከዚያ እንተኛለን። እሺ፣ ኢንጂነር?"

"እሺ።"

"አምስት ዓመት ያስተማርኩህ ለዚህ ነው" አለና ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

* * *

ዓርብ ወንድሜ ከማንም ቀድሞ ደረሰ። ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል። ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ጫማውን አወለቀ፣ እግሩን ዘረጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ከታች መረገጫው ላይ ተቀምጬ ጀርባዬን በሩ ላይ አስደገፍኩ። በሩ እንዲከፈት መጀመሪያ እኔ መነሳት አለብኝ። ሌላው በር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። እንዳላንቀላፋ በየደቂቃው እጠራዋለሁ።

"ጋሼ?"

"አለሁ።"

አራት ሰዓት ሆነ።

"ጋሼ?"

"አለሁ አልኩ። አታስተኛኝም እንዴ?"

ዶክተር ዱላቸውን ይዘው ፊት ለፊቴ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ሰዓታቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል።

አራት ከአስር።

"ጋሼ?"

"አለሁ።"

አራት ከአስራ ስምንት።

"ጋሼ?"

"አለሁ..."

የናፍጣ ሽታ መጣ። ዶክተርም ሸተታቸው፤ አፍንጫቸው ሲነፋ አየሁ።

አራት ከሃያ።

"ጋሼ?"

"አለሁ።"

ድምፁ የእሱ ነው። ምንም አልተለወጠም፤ ያው የድካሙ ድምፅ።

የመጣው ግን ከኮፈኑ ሥር ነው።

ዶክተር ቀስ ብለው ተነሱ። ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁ። ጋቢናው ባዶ ነው። ጫማዎቹ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወንበሩ ጎድጉዷል፣ ሰው እንደተኛበት። በሩ ጀርባዬ ላይ አልተንቀሳቀሰም። እምላለሁ፣ አልተንቀሳቀሰም።

ኮፈኑን ከፈትነው። ሞተሩ እንዳለ ነው፣ ባዶ፣ የተፈታታ። እጄን ሳስጠጋ ሙቀቱ መለሰኝ። የሞተር ሙቀት አይደለም። የሰው ብብት ሙቀት ነው።

ዶክተር ዱላቸውን ሞተሩ ላይ ተከሉና ጆሯቸውን ሰጡ።

ብዙ ቆዩ።

"ምን ሰሙ?"

ዱላውን ይበልጥ ወደ ጆሯቸው ተጫኑት።

"ዶክተር፣ ይስጡኝ እኔም ልስማ።"

ዱላውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከኋላቸው ደበቁት።

"አትስማ" አሉኝ። "ሂድ ጻፍ። የምታውቀው እሱን ነው። ሂድ ጻፍ።"

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ከዶክተር መሣሪያዎች መሐል አንድ ረጅም ብረት አንስቼ የኃላፊውን ቢሮ በረገድኩ። እሱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወስዶታል። የቁም ሣጥኑን በር በብረቱ ፈልቅቄ ስገነጥል እንኳ አልነቃም።

ቅጹን አወጣሁ። "ሾፌር አልተገኘም" ከሚለው አጠገብ አንዲት ቃል የምታስገባ ቦታ የለም፤ የኃላፊው ፊርማና ማኅተሙ ሞልተውታል። ባዶ ቦታ ያለው ከታች ብቻ ነው፣ "የጎደለ፦ የመጥረጊያ ጨርቅ፣ ቢጫ" ያልኩበት መስመር ላይ። ምን ብዬ ልጻፍ? ማንን ብዬ ልጥራ? ማሰቢያ ጊዜ የለኝም። መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ይዤ፣

"ሁሉም ተገኝቷል" ብዬ ጻፍኩ።

ፈረምኩበት።

እስክሪብቶውን ሳላስቀምጥ የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ።

ወንድሜ ነው። በእግሩ፣ ከውጭ፣ ከመንገድ በኩል ገባ። ባዶ እግሩን ነው። እግሩ አቧራ የለበትም። የሚራመደው ረጅም መንገድ ነድቶ እንደወረደ ሰው ነው፣ መሬቱን ሳያምነው። ኃላፊው አሁንም ተኝቷል። ዶክተር ከአስራ አራት ቁጥር አጠገብ ቆመው ያያሉ፤ አልተጠጉም።

ወደ ቢሮው ገባ። ወንበር ስቦ ሰመጠበት።

"ውሃ" አለ።

ሰጠሁት። ጠጣ። ጠጥቶ ሲጨርስ ነው ያየሁት።

ቢጫ ሸሚዝ ለብሷል።

ያንኑ። ደረቱ ላይ የተሰበረች ቁልፉ ሳትቀር ያንኑ። በገዛ እጄ ቆራርጬዋለሁ። አምስቱ ቁራጭ በርሜል ውስጥ ሲነዱ ቆሜ አይቻለሁ። አሁን ስፌት የለበትም፣ መጣፊያ የለበትም፣ ሙሉ ነው። የግራ እጅጌው ብቻ ከክርኑ እስከ ጫፉ ድረስ ጠቁሯል፤ ቀጥ ቀጥ ባሉ ቀጫጭን መስመሮች፣ ዘንግ ሲጠረግበት እንደሚሆነው።

ጠብቦት ስለነበር ነው የሰጠኝ።

አሁን ሰፍቶታል።

እጁን ዘርግቶ የአስራ አራት ቁጥርን ቁልፍ ቅጹ ላይ አስቀመጠ። ቁልፉ እርጥብ ነው።

"ጋሼ..."

"አለሁ።"

ከፊቱ ነው የመጣው። ከአፉ። በደንብ አየሁት፣ ከአፉ ነው።

"የት ነበርክ?"

ግንባሩን በእጅጌው ሊጠርግ ጎንበስ አለ። አንዲት የላብ ጠብታ አመለጠችውና ቅጹ ላይ ወደቀች፣ "ሁሉም ተገኝቷል" ካልኩበት ጎን።

ሁለታችንም አየናት።

ቀስ ብላ ተስፋፋች። መሐሉ ጥቁር ሆነ... ዙሪያውን የገረጣ ቀለበት ወጣ።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ቅጹን በዝግታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

"ጋሼ፣ እባክህ። ማነው ያለበሰህ?"

ዓይኑን ጨፈነ።

"አልናገርም" አለ።